የእናቶች ክፍል ሥልጠና፦ የዘር፣ የቋንቋና የወገን እኩልነት ላይ ምን ላስገባ? (ሰሜን ሸዋ፣ ቆላው)

ቆላ አዋላጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሸዋ ሮቢት በታች ባለ ጤና ጣቢያ ለ14 ሠራተኞች የሁለት ሰዓት ሥልጠና ማዘጋጀት አለብኝ። አዋላጆችና ነርሶች ብቻ ሳይሆኑ ላብራቶሪ፣ ካርድ ክፍልና ጥበቃም ይቀመጣሉ። ርእሱ በእናቶች ጤና አገልግሎት ውስጥ የዘርና የብሔር እኩልነት ነው። የተላከው ስላይድ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለ አሜሪካ ጥቁር እናቶች ነው። ነገሩ እውነት መሆኑ አይጠፋኝም፤ ሆኖም አንዷ አዋላጅ «ታዲያ ነገ ተረኛ ስገባ ምን ላድርግ?» ብትል ስላይዱ ውስጥ መልስ የለም።

ወደዚህ የሚመጡት አማራ፣ አርጎባና ኦሮሞ እናቶች ናቸው፤ ከምሥራቁ ወሰን ደግሞ አፋሮች አሉ። ተፈናቃዮችም አሉ። ሸክላ የሚሠሩና ብረት የሚቀጠቅጡ ቤተሰቦችም አሉ፤ እነሱ የሚገጥማቸው ነገር በየትኛውም ስላይድ ላይ የለም።

ጥያቄዬ እነዚህ ናቸው። ጥቁር ቆዳ ላይ መገርጣትንና ቢጫነትን እንዴት እናስተምር? የኦክስጅን መለኪያው ያዳላል የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው? የሄሞግሎቢን (ደም ማነስ የሚለካበት) ቁጥር ደጋና ቆላ ላይ እንዴት ይነበብ? ቋንቋ ለማትጋራን እናት ፈቃድ እንዴት ይጠየቅ? በመጨረሻም፣ ልዩነት መኖሩን ለማየት መዝገቡ ላይ ብሔር ይጻፍ ወይ?

የማዋለጃ ክፍል አስተባባሪ

ሲስተር፣ ከቆዳው ልጀምር፤ ከሁሉም ቶሎ የሚታረመው እሱ ነው።

እኛ «ጥቁር» ብለን በአንድ ቃል አንጠቀልልም። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እንላለን፤ አራቱም በአንድ ቀን ተራ ይይዛሉ። የመማሪያ መጽሐፎቹ ፎቶ ግን አብዛኛው ነጭ ቆዳ ነው። ስለዚህ «ገርጥታለች» የሚለው ቃል ለቀይዋ ቶሎ ይጻፋል፣ ለጥቁሯ ዘግይቶ። ክፋት አያስፈልገውም፤ ዓይን የለመደውን ነው የሚያየው።

መገርጣት ሲፈለግ ፊትን መተው። የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጎ የውስጡን ቀለም ማየት፣ ምላስን ማየት፣ ድድን ማየት፣ መዳፍን መዘርጋት። መዳፍ ከራሷ ከሐኪሟ መዳፍ ጋር ሳይሆን አብሯት ከመጣችው እህቷ ወይም እናቷ መዳፍ ጋር ቢነጻጸር ይሻላል፤ የቆዳው መነሻ ይቀራረባል። ብርሃኑ የመስኮት ይሁን። ቢጫ አምፖል ሥር ቢጫነት ይሰወራል፣ የስልክ ባትሪ ሥር ደግሞ ሁሉም ሰው የገረጣ ይመስላል። መዳፏ እንሶስላ ወይም ሂና ከተቀባ መዳፍና ጥፍር ከምርመራው ይወጣሉ። ይህ ሁሉ ተሟልቶም የዓይን ቆብ ቀላል ደም ማነስን ያሳልፋል። ለዚያ ነው በመጀመሪያው ቅድመ ወሊድ ክትትል ሄሞግሎቢን ለሁሉም የሚሠራው፤ «ይህቺ ደህና ትመስላለች» ተብሎ የሚታለፍ ካለ ማዳላቱ እዚያ ላይ ጀመረ።

ኦክስጅን ሲያንስ ጥቁር ቆዳ ወደ ሰማያዊ አይሄድም፤ አመድማ ይሆናል። ከንፈርም የተፈጥሮ ጥቁረት ስላለው ያታልላል። ምላስና የአፍ ውስጥ ነው የሚታየው።

አራስ ልጅ ላይ ሁለት ነገር ለዩ። አንደኛው የአፕጋር (ልጁ እንደተወለደ ሁኔታው የሚለካበት ነጥብ) የቀለም ክፍል ነው። «ሰውነቱ ሁሉ ሮዝ» የሚለው መለኪያ ለእኛ ልጆች አይገጥምም፤ ብዙ አራሶች ሲወለዱ ፈዘዝ ብለው ጠቆር የሚሉት ቀናት ቆይተው ነው። ነጥቡን ከምላስና ከአፍ ውስጥ ቀለም ስጡ። ትንፋሽ ለመስጠት ውሳኔው ግን ከአተነፋፈሱና ከልብ ምቱ እንጂ ከቀለሙ አይነሣም፤ የአንድ ደቂቃውም ነጥብ እስኪሞላ አይጠበቅም። ሁለተኛው ቢጫነት ነው። ግንባሩን ወይም ደረቱን በጣት ጫን አድርጎ ማንሣት፣ ደሙ ከመመለሱ በፊት የሚታየውን ቀለም ማየት፤ ከዚያ የዓይን ነጭ፣ ድድ፣ መዳፍና የእግር ሥር። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የታየ ቢጫነት፣ ወይም መዳፍና እግር የደረሰ፣ በዚያው ሰዓት ሪፈር ነው። «የወፍ በሽታ ነው፣ ፀሐይ አሙቂው» ተብሎ ወደ ቤት አይላክም።

ከሁሉ በላይ ግን ጊዜ መስጠት ያለብሽ ለደም መፍሰስ ነው። የዓይን ግምት የፈሰሰውን ደም አሳንሶ ያያል፤ ብዙ በፈሰሰ ቁጥር ስህተቱ ይብሳል። ነጠላና ጋቢ ደሙን ይጠጡታል። ጮኻ የምትጠራው ቶሎ ትታያለች፤ ዝም የምትለው፣ ቋንቋ የማትጋራው፣ ታፍራ የምትሸፋፈነው አትታይም። መድኃኒቱ መለካት ነው፤ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት የደም መሰብሰቢያ ላስቲክ ልጁ እንደወጣ ከመቀመጫዋ ሥር ይነጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመው የኢ-ሞቲቭ ጥናት (ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ታንዛንያ) በመለካት ቶሎ ለይቶ ሕክምናውን በአንድ ጊዜ መስጠት ከባድ መዘዝን በ60 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሕክምናው፦ ማኅፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን (ማኅፀን የሚያኮማትር)፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ (ደም እንዲረጋ የሚረዳ) 1 ግራም በደም ሥር በ10 ደቂቃ ውስጥ (ከወለደች 3 ሰዓት ሳያልፍ፤ ደሙ ከቀጠለ ከ30 ደቂቃ በኋላ ሌላ 1 ግራም)፣ የደም ሥር ፈሳሽ፣ ከዚያ ቅዳጅ መኖሩን መመርመር። አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መጠበቅ የለም። ላስቲኩ ከሌለ የደረቀውን ጨርቅና ጎዝ አስቀድሞ መመዘን፣ በኋላ የረጠበውን መመዘን፤ ልዩነቱ በግራም ከሚሊ ሊትሩ ጋር ይቀራረባል። የልብ ምቷ ለላይኛው የደም ግፊት ሲካፈል 0.9 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ፊቷ ቢገረጣም ባይገረጣም፣ ንቁ። ምት 110፣ ግፊት 100 ማለት 1.1 ነው። ሒሳቡ ቀለም አያይም።

ደጋ ላብራቶሪ

ስለ ሄሞግሎቢኑ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ የነፍሰ ጡር መነሻ ቁጥር (ከእሱ በታች ደም ማነስ የሚባለው) በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሦስት ወር 11.0፣ በመካከለኛው 10.5 ግራም በዴሲ ሊትር ነው። በላዩ የከፍታ ጭማሪ አለ፦ ከ1,000 እስከ 1,499 ሜትር 0.8፣ ከ2,500 እስከ 2,999 ሜትር 1.8፣ ከ3,000 እስከ 3,499 ሜትር 2.1።

ወደ ዞናችን አምጡት። ሸዋ ሮቢት ላይ በመጨረሻው ሦስት ወር መነሻው 11.8 ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ 12.8፤ መሐል ሜዳ ላይ 13.1። አንዲት እናት 12.4 ብታመጣ ቆላ ላይ ጤነኛ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደም ያነሳት ትባላለች። በቀድሞው ሠንጠረዥ (በ2,500 ሜትር ጭማሪው 1.3 ነበር) ግን ደብረ ብርሃንም ላይ ጤነኛ ነበረች። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን በየትኛው ሠንጠረዥ እንደተነበበ ጻፉ።

የሚሳሳቱበት ቦታ ይህ ነው፦ ጭማሪው የሚታሰበው ላለፉት ወራት ከኖረችበት ቀበሌ ከፍታ እንጂ ደሟ ከተቀዳበት ጤና ጣቢያ አይደለም። ከጣርማ በር አፋፍ ወርዳ ቆላ የተመረመረች በቆላው ቁጥር ከተነበበች ደም ማነሷ ይታለፋል። ካርድ ክፍሏ የመኖሪያ ቀበሌን አጣርታ ካልጻፈች ላብራቶሪው ምንም ማድረግ አይችልም። ጥሩ አድርገሻል ካርድ ክፍልን ሥልጠናው ውስጥ ማስገባትሽ።

አሁን ወደ ዘር ጉዳይ። በከፍታ ላይ ሄሞግሎቢን የሚጨምረው በሁሉም ሕዝብ እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሲንቲያ ቢል ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክቶ የሴቶቹን አማካይ ሄሞግሎቢን 15.0፣ የደም ኦክስጅናቸውን ደግሞ 95.3 በመቶ አግኝቷል። በዚያ ከፍታ ከሚኖሩ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ጋር ሲተያይ ይህ የቆላ ሰው ቁጥር ነው የሚመስለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከባሌ ተራሮች ኦሮሞዎች ይልቅ የሰሜን ተራሮች አማሮች ሄሞግሎቢን ዝቅ እንደሚል አሳየ። አንዱ ማብራሪያ የኦሮሞዎቹ አያቶች ከፍታው ላይ የኖሩበት ዘመን ማጠሩ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ለአማራ ይህን፣ ለኦሮሞ ያንን መነሻ እንጠቀም» የሚል ይኖራል። አይሆንም። ጥናቶቹ የሚናገሩት ስለ ብዙ ሰው አማካይ ነው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው አንዲት እናት ናት። አያቷ ከየት እንደመጡ በስሟ አይታወቅም፤ ደጋና ቆላ ሲጋባ የኖረ አገር ነው። የምንሠራው እንዲህ ነው፦ ከመነሻው ጥግ ላይ ላለችው (ከመነሻው በ1 ግራም ውስጥ ዝቅ ላለችው) የቀይ ደም ሴሎቿን መጠን (ብዛታቸውን ሳይሆን ትልቅነታቸውን፣ MCV የሚለውን) ከማሽኑ ውጤት ላይ ማየት፤ ከ80 ፌምቶ ሊትር በታች ከሆነ ብረት ማነሱን ያጠናክራል። ማሽን ከሌለ ብረቱን አስጀምሮ ከ4 ሳምንት በኋላ ደግሞ መለካት፤ ወደ 1 ግራም ገደማ ከጨመረ ደም ማነስ ነበር። ብረቱን ከቡናና ከሻይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማራቅ። ሦስት ስኒ የሚፈላበት ቤት ውስጥ ይህን ሳይነግሩ ብረት መስጠት ክኒን ማባከን ነው።

በጣት ደም ስትለኩ ጣቱን አትጭመቁ፤ የሚወጣው ውሃ ቁጥሩን ያወርዳል። የመጀመሪያውን ጠብታ ጠርጉት። የኩቬቱን (የደም ጠብታው የሚገባበትን ትንሽ ፕላስቲክ) ቆርቆሮ ክዳን እየከፈቱ መተው ቆላ ላይ ዋናው ጥፋት ነው፤ እርጥበት ይገባዋል።

ኦክስጅን መለኪያው ደግሞ በብርሃን ነው የሚሠራው፤ የቆዳ ቀለም ብርሃኑን ይውጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የታተመው ጥናት መሣሪያው 92 እስከ 96 እያለ የደም ወሳጅ ምርመራው ከ88 በታች የወጣባቸውን ቆጠረ፦ ከጥቁር ታካሚዎች ንባብ 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ። ስህተቱ «ደህና ናት» ወደሚለው መሆኑን ልብ በሉ። 94 አነበበ ተብሎ በደቂቃ 30 ጊዜ የምትተነፍስ እናት አትተው። ትንፋሽ በሙሉ ደቂቃ ይቆጠር፣ ንባቡ በ15 ደቂቃ ልዩነት ይደገም፣ ሲወርድ ከታየ ቁጥሩ ገና «መልካም» ቢሆንም ይታመን። ደጋ ላይ ደግሞ የጤነኛው ንባብ ራሱ ከቆላው ዝቅ ይላል፤ በየጣቢያው 30 ጤነኛ ነፍሰ ጡሮችን ለክቶ መካከለኛውን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው።

መንዜው

ሁሉም መልካም። ግን ጎበዝ፣ የአሜሪካን ዘረኝነት ለምን ተሸክመን እናመጣለን? በ2016 (እ.ኤ.አ.) የአገሪቱ የጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች 412 እናት ሞት ነው ያወጣው። ገዳዩ መንገድ፣ አምቡላንስና ደም ማጣት ነው። የሚያዋልዳትም የምትወልደውም ያው ጥቁር ነው።

የጽንስና ማኅፀን ሬዚደንት

ወንድሜ፣ መንገዱ ላይ አልከራከርህም። ግን «ድህነት ነው» የሚለው መልስ አሜሪካም ውስጥ ተሞክሮ ወድቋል። የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከላቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ ኮሌጅ የጨረሱ ጥቁር ሴቶች ከእርግዝና ጋር በተያያዘ የሚሞቱት ኮሌጅ ከጨረሱ ነጭ ሴቶች 5.2 እጥፍ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ካልጨረሱ ነጮች እንኳ 1.6 እጥፍ። በ2021 በአጠቃላይ ከ100,000 ወሊድ የጥቁሮቹ ሞት 69.9፣ የነጮቹ 26.6 ነበር። ገንዘብና ትምህርት ብቻ ቢሆን ኖሮ የተማረችው ትድን ነበር።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን የመሣሪያው ወሬ ነው። ብዙዎቻችን ስልክ ላይ የጫንናቸው ማስሊያዎች እዚያ የተሠሩ ናቸው። አንድ ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደች ቀጣዩን በምጥ የመውለድ ዕድሏን የሚያሰላው እ.ኤ.አ. የ2007 ማስሊያ «አፍሪካዊ አሜሪካዊት ናት?» ብሎ ይጠይቅና አዎ ሲባል ዕድሏን ይቀንሳል። በ2021 ጥያቄው ወጥቷል። አሮጌው አሁንም ስልኩ ላይ ያለ ሰው ለመንዟ እናት ምን ይሞላል? አዎ ካለ ያለ ምክንያት ወደ ቢላዋ ይገፋታል። ምርመራው ቀላል ነው፦ ማስሊያው ዘር ከጠየቀ አሮጌ ነው፣ ይጥፋ።

የኩላሊቱም እንዲሁ። ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚገምተው የ2009ኙ ቀመር ለጥቁር ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር፤ በ2021 ተነሥቷል። ለነፍሰ ጡር ግን ያም ይህም አይሠራም፤ በእርግዝና ኩላሊት በቀመር አይገመትም። ግፊቷ ከፍ ላለው እናት ክሬያቲኒኑን (ኩላሊት የሚያጣራውን የደም ቆሻሻ) ራሱን ተመልከቱ፤ ከ1.1 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በላይ ከሆነ ከባድ ምልክት ነው።

ፈቃድን በተመለከተ የሚቀርበን ምሳሌ አሜሪካ ሳይሆን እስራኤል ነው። ከኢትዮጵያ የሄዱ ሴቶች የሦስት ወሩን የእርግዝና መከላከያ መርፌ ሳይገባቸው ይወጉ ነበር የሚል ክስ በቴሌቪዥን ከተነሣ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2013 የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ለሕክምና ድርጅቶቹ ትእዛዝ ሰጡ፦ የመርፌውን ነገር በውል ላልተረዳች ኢትዮጵያዊት ማዘዣው እንዳይታደስ፣ ካስፈለገም አስተርጓሚ እንዲገባ። አሁን መስተዋቱን አዙሩት። አማርኛ የማትሰማ የአፋር እናት ክንዷ ላይ እንጨቷ (ከቆዳ ሥር የምትገባው የእርግዝና መከላከያ) ስትቀበር የሰጠችው ፈቃድ ከዚያኛው በምን ይለያል?

ፊስቱላንም መርሳት የለብንም፤ የሥልጠናሽ መግቢያ ብትፈልጊ ከእሱ የሚቀርብ የለም። የቀዶ ሕክምናው ዘዴ የተሞከረው እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1849 አላባማ ውስጥ፣ ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው፣ በባርነት በተያዙ ሴቶች ላይ ነው፤ አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ የሚባሉት ስማቸው ተርፏል፣ የሌሎቹ የለም። የሐኪሙ የጄ. ማሪዮን ሲምስ ሐውልት ከኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ የተነሣው በኤፕሪል 2018 ነው። እኛ ጋ ደግሞ በ1959 (እ.ኤ.አ.) የመጡት ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1974 የአዲስ አበባውን ፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ፤ ከዚያ በፊት ታካሚያቸው ሆና የመጣችው ማሚቱ ጋሼም ራሷ ቀዶ ሐኪም ሆነች። እናቷን የቀዶ ጥገና ጠረጴዛው ላይ ብቻ ማየትና ከጠረጴዛው ወዲህም ማየት፣ ልዩነቱ ይህ ነው።

ቆላ አዋላጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ብሔር መጻፉ ላይ ግን ማንም አልመለሰልኝም። ካልተጻፈ ማን እንደቀረ እንዴት ይታያል?

መረጃ ክፍል

አይጻፍ። ከ2013 ዓ.ም. የአጣዬና የሸዋ ሮቢት ጥፋት በኋላ ብሔር የሰፈረበት መዝገብ በማን እጅ ሊወድቅ እንደሚችል አስቡት። ደግሞም የሚጠቅመውን አይነግርም። አርጎባ ሆና አማርኛ አቀላጥፋ የምትናገር አለች፤ አማራ ሆና ከጤና ኬላ አምስት ሰዓት የምትርቅ አለች።

በምትኩ ከመዝገቡ ጎን በተለየ ደብተር እነዚህን መዝግቡ፦ ለማውራት የሚቀላት ቋንቋ፣ ጎጥ (ቀበሌ ብቻ አይበቃም)፣ የእግር መንገዱ በሰዓት፣ የጤና መድህን ካርድ አላት ወይስ የላትም፣ ተፈናቃይ ናት ወይ። አምስት ምልክት ነው። ተፈናቃይዋ ካርዷ ሌላ አገር የቀረ ስለሆነ ገና በሩ ላይ «መድህን የለሽም» ተብላ ትመለሳለች፤ የቅድመ ወሊድ ክትትልና የማዋለድ አገልግሎት በጤና ጣቢያ ለሁሉም ነፃ መሆኑን ጥበቃውና ካርድ ክፍሉ በቃላቸው ይወቁ።

ከዚያ በየሦስት ወሩ አራት ነገር በየጎጡ ቁጠሩ፦ ከ12 ሳምንት በፊት ክትትል የጀመሩ፣ አራተኛ ክትትል የደረሱ፣ በጣቢያ የወለዱ፣ ከወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የታዩ። የሚጠበቀውን ነፍሰ ጡር ብዛት ከጤና ቢሮው የዓመቱ ማባዣ (ከሕዝቡ ብዛት ግምቱን ከሚያወጣው ቁጥር) ውሰዱ። ለምሳሌ አንድ ጎጥ በዓመት 40 ወላድ ይጠበቅበትና 12 ብቻ ጣቢያ ከወለዱ 30 በመቶ ነው፤ ጎረቤቱ ጎጥ 32 ከ40 ከሆነ ጥያቄ አላችሁ። በአንድ ሩብ ዓመት 3 ከ10 እና 5 ከ10 ብታገኙ ግን ምንም አልተገኘም፤ አራት ሩብ ዓመት ደምሩ። ቁጥር ትንሽ ሲሆን ወሬ ይሠራል።

የጎደለው ጎጥ ሲገኝ ጥያቄው «ለምን አይመጡም?» አይሁን። «የመጡት ምን ገጠማቸው?» ይሁን። ብዙ ጊዜ መልሱ መንገዱ ሳይሆን በር ላይ የተባለች አንዲት ቃል ናት።

የማቆያ ቤት ኃላፊ

በር ላይ የተባለችው ቃል እኛ ጋ ብዙ ጊዜ «ጠይብ» የምትለዋ ናት። ስለ ባለእጅ እናቶች ማንም ስላልነካው እኔ ልንካው።

በእናቶች ማቆያ (መውለጃቸው የደረሰ እናቶች የሚቆዩበት ቤት) ልዩነቱ የሚታየው ስኒ ላይ ነው። ለሸክላ ሠሪዋ «የራሷ ስኒ» ይቀመጥላታል፤ ያስቀመጠው ሰው ንቀት ሳይሆን ልማድ ይለዋል። ስኒውና ሳህኑ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ምልክት የሌለው ይሁን፤ ቡናና ገንፎ የሚያድለው ሠራተኛ ይሁን እንጂ እናቶቹ እርስ በርስ አይሁን። አልጋ በመጡበት ተራ ቁጥር ይሰጥ። «ልጄን ታይብኛለች፣ አልጋ ቀይሩልኝ» የምትል አራስ ትኖራለች፤ ቡዳ ፈርታ ነው። አትገሥጿት፣ ልጇን ብትሸፍን ትሸፍን፤ አልጋ ግን የሚቀየረው በሕክምና ምክንያት ብቻ መሆኑን ንገሯት፣ ምክንያቱም በደብተር ይጻፍ። አንድ ጊዜ ከቀየራችሁ ጣቢያው ራሱ ፈረደ ማለት ነው። ቅጹ ሥራ ከጠየቀ «ሸክላ ሠሪ» ብሎ መጻፍ «ገበሬ» እንደማለት ነው፤ ያኛውን ቃል ግን ማንም በአፉም አያምጣ።

ምግብ ላይ አንድ ድስት ለሁሉም እንዲበቃ ሥጋ አታስገቡ። የክርስቲያኑንና የእስላሙን ሥጋ ለይቶ ማብሰል ድስትንም ሰውንም ይከፍላል። ገንፎ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላልና ወተት ለሁሉም ይሆናል፤ በጾም ቀን ገንፎው በዘይት ይሁን፣ ቅቤውና እንቁላሉ ለፈለገችው ለብቻ ይቅረብ። ነፍሰ ጡሯ ጾሙን ካልተወች እናንተ አትከራከሯት፤ የንስሐ አባቷ አንዲት ቃል ከእናንተ ሰዓት ሙሉ ምክር ትበልጣለች። በጤና ኤክስቴንሽኗ በኩል ያናግሯቸው። ለሶላት የውዱ ውሃና ንጹሕ ምንጣፍ ከመኝታው ጥግ ይኑር።

ቋንቋ ላይ። ባል፣ አማትና ልጅ አስተርጓሚ አይሁኑ፤ ያማትን ነገር በአማቷ አፍ የምትናገር የለችም። ቋንቋውን የምታውቅ ሴት ሠራተኛ ወይም ጤና ኤክስቴንሽን ትሁን፤ ስልክም ይሠራል። ስታናግሩ ወደ እናቷ እዩ እንጂ ወደ አስተርጓሚዋ አይደለም። አጭር አጭር ጠይቁ። «ደም አለሽ?» አትበሉ፤ የወር አበባ መስሏት የለኝም ትላለች። «ከትናንት ጀምሮ ጨርቅ ስንት ጊዜ ቀየርሽ?» ይባል። ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ትኩሳት፣ ደም፤ እነዚህን ስድስቱን በአፋን ኦሮሞ፣ በአፋርኛና በአርጎብኛ የ30 ሰከንድ ድምፅ አድርጋችሁ በጣቢያው ስልክ ቅረጹ። መብራት ሲጠፋና ተረኛው ብቻውን ሲሆን ያድናል።

«እሺ» ደግሞ ስምምነት አይደለም። እንግዳ ፊት የምትባል የጨዋነት ቃል ናት። «ቤት ስትደርሺ ይህ ነገር ምን እንደሆነ ለባለቤትሽ እንዴት ትነግሪዋለሽ?» በሉ፤ መልሳ ከነገረቻችሁ ያን ጊዜ ፈቃድ አለ። የቤተሰብ ምጣኔ ፈቃድ ምጥ ላይ አይጠየቅም። በክትትሉ ጊዜ ይነሣ፣ ከወለደች በኋላ ይደገም፤ እንጨቷን ባስፈለጋት ቀን መጥታ ማስወጣት እንደምትችልም አብሮ ይነገራት።

ከአፋር በኩል ለሚመጡት አንድ የግድ ነገር፦ ተሰፍቶ የተዘጋ ግርዛት። ምጥ ላይ ከታወቀ ድንጋጤ ነው፤ ስለዚህ በክትትሉ ለብቻዋ ተጠይቃ፣ ፈቅዳ ትታይ። ሽንት ሲወርድ ረጅም ጊዜ ይወስዳል ወይ ብሎ መጠየቅ በር ይከፍታል። መክፈቻው እንዲህ ነው፦ በጠባሳው መስመር 1 በመቶ ሊዶካይን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ ከጠባሳው ጀርባ ጣት አስገብቶ ሥሩን መጠበቅ፣ በመሐል መስመር ወደ ላይ መቅደድ፣ የሽንት ቀዳዳ ሲታይ ማቆም። ከዚያ በላይ መሄድ ደም ያፈሳል። ጠርዞቹ ግራና ቀኝ ለየብቻ በሚሟሟ ክር ይሰፋሉ። በጎን የሚቀደደው ኤፒሲዮቶሚ ይህን አይተካም፤ ጠባሳውን ትቶ ጎኑን መቅደድ ሁለት ቁስል ማትረፍ ነው። መልሶ መስፋት ቤተሰብ ቢለምንም የለም፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 565 እና 566 ግርዛቱም መስፋቱም ያስቀጣል። ሽንቷ ከእንግዲህ በድምፅና በፍጥነት እንደሚወርድ አስቀድሞ ይነገራት፤ ካልተነገራት ተጎዳሁ ብላ ትሸሻለች።

ቆላ አዋላጅ

እንግዲህ እንዲህ ደለደልኩት፦ 40 ደቂቃ ደም መለካትና የቆዳ ምርመራ በተግባር፣ 20 ደቂቃ ሄሞግሎቢንና ኦክስጅን፣ 30 ደቂቃ ቋንቋና ፈቃድ እርስ በርስ እየተጠያየቅን፣ 20 ደቂቃ ማቆያውና በሩ፣ 10 ደቂቃ ደብተሩ። ጥበቃው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቀመጣል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ሂና የተቀባች ጣት ላይ ኦክስጅን መለኪያውን ጭራሽ አንጠቀም?

ደጋ ላብራቶሪ

ቀዩ ሂና ብዙም አያስቸግር፤ የሚያሳስተው ጥቁሩ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አያነብም። ያልተቀባ ጣት ፈልጊ፤ ዐሥሩም ከተቀቡ የእግር ጣት። የእጅ መያዣውን ጆሮ ላይ አትሰኩት፤ ለጣት የተሠራ መያዣ ጆሮ ላይ የሐሰት ቁጥር ይሰጣል፣ ለጆሮ የራሱ አለው። ጥፍር ቀለም ከሆነ በአሴቶን ይነሣል፣ አንድ ጠርሙስ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጡ። እጇ ከቀዘቀዘ ደግሞ ንባቡ ይወርዳል፤ አሙቁት፣ ሞገዱ እኩል መምታት ሲጀምር ብቻ ቁጥሩን ጻፉ።